ፈረስ ያደርሳል፤ ብስክሌትስ?

እሑድ ማለዳ ከአዲስ አበባ በሚያስወጡ መንገዶች ዳር የቆመ ሰው አንድ ለየት ያለ ጭነት ያያል። የላንድክሩዘሩ ጣሪያ ላይ ሁለት ብስክሌቶች በቀበቶ ተጠፍረው ቆመዋል። ከኋላ የሚከተለው ቪትዝ የኋላ በሩ አልዘጋ ብሎት በሲባጎ ታስሯል፤ የብስክሌቷ የፊት ጎማ ወደ ውጭ ወጥቶ በነፋሱ ለብቻው ይሽከረከራል። ባለፒክአፑ ደግሞ አራት አምስቱን አነባብሮ፣ ቀለማቸው እንዳይፋቅ በየመሀላቸው ብርድ ልብስ ሸጉጦ ያልፋል። የመኪናዎቹ አፍንጫ ወደ ሰንዳፋ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ቢሾፍቱ ነው። ወዴት ነው ብትሏቸው «ብስክሌት ልንነዳ» ይሏችኋል።

ብስክሌት ለመንዳት መኪና መንዳት! ስለለመድነው ነው እንጂ ያስቃል።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ የተተረተው ለጦር ሜዳ ነው፤ ውጊያው የሰውየው እንጂ የፈረሱ አይደለም ለማለት። ውስጡ ግን ማንም የማይከራከርበት ሐቅ ተቀምጧል፦ ፈረስ ሌላው ቢቀር ያደርሳል። ከደጃፍ አንሥቶ ሜዳው ድረስ መውሰድ ከፈረስ የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው። ፈረሱን ጋሪ ላይ ጭኖ፣ ጋሪውን በሌላ ፈረስ አስጎትቶ፣ ጉግስ ሊጫወት የሄደ ሰው ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ይተረትበት ነበር። እኛ ግን በብስክሌት ያደረግነው ይኸንኑ ነው። የእኛ ብስክሌት አታደርስም፤ ራሷ አድራሽ ትፈልጋለች።

እዚህ የምሟገተው ለአንድ ነገር ነው። የብስክሌት ጉዞ መነሻው የነጂው ደጃፍ መሆን አለበት። ይህን የምለው ለስፖርቱ ክብር ተቆርቁሬ አይደለም፤ ላብ ያላፈሰሰ አይነዳም የሚል ሃይማኖትም የለኝም። የምለው የከተማዋ ጎዳና ጉዳይ ስለሆነ ነው። ብስክሌታችንን ጭኖ ከከተማ የሚያወጣው መኪና አቤቱታችንንም አብሮ ጭኖ ያወጣዋል። ከተማዋ ልትሰማው የሚገባት ድምፅ እሑድ ማለዳ ሰንዳፋ ላይ ይወርድና እዚያው ሜዳ ላይ ይቀራል።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ከመሀል አዲስ አበባ እስከ ሰንዳፋ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 80። መኪናው በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል 8 ሊትር ነዳጅ ይበላል፤ ያውም ሰው ጄሪካን ይዞ ማደያ ደጃፍ በሚሰለፍበት ዘመን። ቡድኑ እዚያ ደርሶ፣ ጎማ ነፍቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚነዳው 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ብስክሌቷ በዚያ ቀን 120 ኪሎ ሜትር ብትጓዝ 80ውን የተጓዘችው ተኝታ ነው። 12 ኪሎ የማትሞላ ዕቃ ለማጓጓዝ ከ1,000 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ተንቀሳቅሷል። ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። ሰንዳፋ ላይ 40 ኪሎ ሜትር መንዳት የቻለ እግር ከቤቱ ተነሥቶ ሰንዳፋ መድረስ ይችል ነበር። ርቀቱ ያው ነው፤ እግሩም ያው ነው። መመለሱ ቢከብደው ሚኒባሱ አለ፤ ፖርቶ መጋላው ላይ ድንችና ሽንኩርት ሲወጣ የኖረበት አገር ነው፣ ብስክሌት አይከብደውም።

«ታዲያ አንተ ምን አገባህ? ነዳጁ የራሱ፣ መኪናው የራሱ፣ እሑዱም የራሱ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የአንድ ሰው እሑድ የራሱ ነው። ጎዳናው ግን የሁላችንም ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በብስክሌት የሚንቀሳቀሱትን ሰዎች አስቧቸው። ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ቤቱ የሚመለስ ጥበቃ አለ። ከፊት ለፊቱ መሰላል፣ ከኋላው የቀለም ቆርቆሮ ያሰረ ቀለም ቀቢ አለ። በጀርባው ትልቅ አራት ማዕዘን ቦርሳ አዝሎ ምግብ የሚያደርስ ወጣት አለ። ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ስትጥል ብዙው መልእክተኛ ፔዳል ላይ ነው የወጣው። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ በሲኖትራክና በሚኒባስ መሀል እየተሹለከለኩ ነፍሳቸውን ይዘው ይነዳሉ። ለስብሰባ አይጠሩም። ቢጠሩም ሥራ ትተው አይመጡም። ክፍለ ከተማ ገብተው «የብስክሌት መስመሩ ላይ መኪና ቆሞብናል» ቢሉ ማን ወንበር ይስባል?

አሁን ደግሞ የላንድክሩዘሩን ባለቤት አስቡት። ሐኪም ነው፣ መሐንዲስ ነው፣ የባንክ ኃላፊ ነው፣ አስመጪ ነው። የከተማዋን ባለሥልጣን በስልክ ያገኘዋል፤ ካልሆነም ከባለሥልጣኑ ጋር አንድ ሰርግ ላይ ይቀመጣል። ጋዜጣ ላይ ይጽፋል፤ ቴሌቪዥን ላይ ይጠየቃል። ጎዳናው ለብስክሌት እንደማይመች እሱም እንደ ቀለም ቀቢው ያውቃል። ልዩነታቸው አንድ ነው። ቀለም ቀቢው መንገዱ ባይመችም ይነዳበታል፤ አማራጭ የለውም። ሐኪሙ መንገዱ ካልተመቸው ብስክሌቱን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ያልፈዋል። ድምፅ ያለው ሰው ችግሩን በግሉ ገንዘብ ፈታው፤ ችግሩ የቀረው ድምፅ ለሌለው ነው። የግል ጀነሬተር የገዛ ሰፈር ስለ መብራት መጥፋት መጮህ ያቆማል፤ የግል ጉድጓድ ያስቆፈረም ስለ ውሃ። ጣሪያ ላይ የተሰቀለችው ብስክሌትም የመንገድ ጀነሬተር ናት።

ይህ ነገር ዛሬ ከድሮው ይልቅ ያሳሰበኝ ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመር አበጅቷል። ስለ ልማቱ ብዙ የሚባል አለ፤ ይህ ጽሑፍ ሁሉንም አያነሣም። አንዱን ግን ማለፍ አይቻልም፦ ያ ስፋት በነፃ አልመጣም። ፒያሳን የመሰለ ሰፈር ቤት ፈርሶበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶበት የተገኘ ስፋት ነው። አሁን እዚያ መስመር ላይ ሄዳችሁ ቁሙና የሚያልፉትን ብስክሌቶች ቁጠሩ። ጣታችሁ የሚበቃበት ሰዓት ብዙ ነው። እግረኛ ይንሸራሸርበታል፣ ልጅ ፎቶ ይነሣበታል፣ አልፎ አልፎም መኪና ጎማውን ሰቅሎ ይቆምበታል።

ባዶ መስመር ጠላቱ ብዙ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ የመኪና ማቆሚያ ጠበበ ሲባል፣ «የማይነዱበትን መስመር ምን ያደርጉታል?» የሚል አንድ ሰው ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣል። ምን ብለን እንመልስለታለን? ብስክሌት ያለን ሰዎች እኮ እሑድ ማለዳ በዚያው መስመር ጎን ነው ያለፍነው የሚል መልስ ይሰጣል? በመኪና፣ ብስክሌቷን ጭነን!

አሁን ወደ ሰበቦቹ ልምጣ። ሰበብ ያልኳቸው ሁሉም ውሸት ስለሆኑ አይደለም፤ አንዳንዶቹ እውነት አላቸው።

የመጀመሪያው አደጋ ነው። «ወንድሜ፣ የልጆች አባት ነኝ። በዚህ ከተማ ብስክሌት እየነዳሁ ልሙት?» ይላል። ፍርሃቱ የውሸት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ መኪና ውስጥ ያልተቀመጠ ሰው ሁሉ በዚህ ከተማ ነፍሱ ርካሽ ናት። ግን ሰዓቱን ተመልከቱ። የብስክሌት ጉዞ የሚጀመረው እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወይም 1 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ጎዳናው ላይ ያለው ነጠላ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ምእመን፣ ማሊያ ለብሶ ወደ ሜዳ የሚሮጥ ልጅና ጥቂት ታክሲ ነው። ከመገናኛ እስከ አያት ያለው ጎዳና እንደ እሑድ ማለዳ የሚሰፋበት ቀን የለም። የከተማዋ መንገድ በሳምንት አንድ ጊዜ ለብስክሌት ሲመች፣ ብስክሌተኛው ያንኑ ሰዓት መርጦ መኪናው ውስጥ ይገባል። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቦሌ መንገድ ላይ አልነዳም ቢለኝ እሺ እለዋለሁ። እሑድ ማለዳ ግን የሚፈራው መኪና የራሱን ነው።

ስለ አንዳንዱ መንገድ ደግሞ ልግደረደር አልችልም። በቃሊቲ ወጥቶ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው አሮጌው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ እሑድም አያርፍም። የፍጥነት መንገዱ ብስክሌት አያስገባም። በዚያ በኩል ከስምንት ዓመት ልጁ ጋር ንዳ አልልም። የማለዳ ውሻም አለ፤ አንድ ሰፈር ውሻ ሲነሣበት ያየ ያውቀዋል። ለሴት ልጅ ደግሞ ከሲኖትራኩ ሌላ ከየጥጉ የሚወረወርባት ቃል አለ፤ ብቻዋን የነዳች ሴት በአንድ ጠዋት የምትሰማውን ወንዱ በዓመት አይሰማውም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ግን ሦስቱም፣ የመኪናውም፣ የውሻውም፣ የለካፊውም ነገር፣ በብዛት ሲነዳ ይቀልላሉ። ሃያ ሆኖ የሚነዳን ቡድን ሚኒባሱም ያየዋል፣ ውሻውም ይሸሸዋል፣ ለካፊውም አፉን ይይዛል። ሃያ ሰው አለን እኮ! በአምስት መኪና ተከፋፍለን ስንወጣ ነው ሃያነታችን የጠፋው።

ሁለተኛው ሰበብ ዳገት ነው። «አዲስ አበባ ዳገት ናት፣ ኦክስጅኑም ስስ ነው።» ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ እንጦጦ ሊነዳ የሚሄደው ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ጠመዝማዛ በመኪና ወጥቶ፣ ፓርኩ ውስጥ ብስክሌቱን አውርዶ፣ ጫካው መሀል ያለውን ዳገት እያለከለከ ይወጣል። ላቡን እየጠረገ «ዳገቱ ነው የሚያሠራህ» ይላል። የእንጦጦ ዳገት ስፖርት ነው፣ የሽሮ ሜዳ ዳገት ግን እንቅፋት ነው። ምን ለያያቸው? አንደኛው ላይ ዛፍ አለ፤ ሌላኛው ላይ ሰው አለ። እዚህ ነጥብ ላይ ተመልሼ እመጣለሁ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ሰበብ ከሁሉም ብልጥ ነው። «ሯጮቻችንስ? ዓለምን ያስደነቁ አትሌቶች ለልምምድ ሰንዳፋና ሱሉልታ የሚሄዱት በመኪና አይደል?» ልክ ነው፤ በመኪና ነው። ሯጭ ግን አፈሩን ፈልጎ ነው የሚሄደው፤ አስፋልት ጉልበቱን ይጎዳዋል፣ ለስላሳ ሜዳ ያስፈልገዋል። እግር ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ሄዶ ልምምድ ጀምሮ 40 ኪሎ ሜትር የሚመለስ መጓጓዣ አይደለም። ብስክሌት ግን የተሠራችው ለአስፋልትና ለርቀት ነው። ሯጭ በመኪና መሄዱ ዓሣ አጥማጅ ወደ ሐይቁ በመኪና እንደመሄዱ ነው። ብስክሌተኛ በመኪና መሄዱ ጀልባውን በመኪና ጭኖ በሐይቁ ዳር ዳር እንደመሄድ ነው።

ሰበቦቹ አንድ በአንድ ከተነሡ በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው? መንገዱ ቢመች ኖሮ በእርግጥ ከቤታችን እንነሣ ነበር? መልሱን ለማግኘት መንገዱ ወደተመቸበት ወደ ወገኖቻችን እንሻገር። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሀበሻ በብዛት በሚኖርበት በአርሊንግተንና በፎልስ ቸርች በኩል፣ ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ያልፋል። 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አስፋልት ነው፤ መኪና አይገባበትም። ከምግብ ቤቶቻችንና ከሱቆቻችን ብዙ አይርቅም። እዚያም ቢሆን ቅዳሜ ጠዋት በመንገዱ መግቢያዎች ያሉት የመኪና ማቆሚያዎች ብስክሌት በሚያወርዱ ሰዎች ይሞላሉ፤ ከነሱ መሀል የእኛው ቋንቋ ይሰማል። ሲኖትራክ የለም፣ ውሻ የለም፣ መንገዱ ከደጅ ነው። ብስክሌቷ ግን አሁንም ጭነት ናት።

ስለዚህ መንገዱ አንዱ ምክንያት ነው እንጂ ሙሉው አይደለም። ሌላው ምክንያት ውስጣችን ነው፤ ስሙም እፍረት ነው።

በእኛ ከተማ ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ናት ወይም የድሃ መጓጓዣ ናት። ልጅ ሆኖ ሰዓት ከፍሎ በኪራይ ብስክሌት ሰፈሩን ያልዞረ ጥቂት ነው፤ ካደገ በኋላ ግን በዚያው ሰፈር ብስክሌት ላይ መታየት ማነስ ይሆንበታል። መኪና ያለው ሰው ሄልሜት አድርጎ በራሱ ሰፈር፣ በግሮሰሪው፣ በፀጉር ቤቱና በጀበና ቡናዋ ፊት ቢያልፍ «እንትና መኪናውን ሸጠ እንዴ?» ይባላል። ሰንዳፋ ላይ ግን ማንም አያውቀውም። እዚያ ስፖርተኛ ነው፤ መኪናው ከጎኑ ቆማለች፣ ብስክሌቱ ምርጫው እንጂ ዕጣው እንዳልሆነች ትመሰክርለታለች። መኪናዋ የብስክሌቷ ዋስ ናት። እንጦጦ ዛፍ መሀል የሚወጣውን ዳገት ሽሮ ሜዳ ሰው መሀል የማይወጣው ለዚህ ነው።

እፍረቱ ደግሞ የሚጎዳው አሳፋሪ የተባለውን ሰው ነው። ቀለም ቀቢው በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር ሐኪሙ በከተማው ውስጥ ላለማድረግ 80 ኪሎ ሜትር የሚሸሽ ከሆነ፣ «ያንተ ነገር ያዋርዳል» እያለው ነው፤ ባይናገረውም። ሾፌሩም ይሰማዋል፤ «ብስክሌት የድሃ ናት» ብሎ ያሰበ ሾፌር ብስክሌት ሲያይ ፍሬን አይዝም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይህ ነው።

ይህ እፍረት ከጥንት የነበረ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ነው፤ ከተወዳዳሪዎቿ መሀል ብስክሌተኞች ነበሩ። ገረመው ደንቦባ በዚያ የጎዳና ውድድር 24ኛ ሆኖ ጨርሷል፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እሱ የወጣበት ትግራይ ብስክሌት የጎዳና ነገር የሆነበት አካባቢ ነው። ባህር ዳርን ደግሞ ተመልከቷት። ሜዳ ከተማ ናት፤ ባጃጅ ቢያጥለቀልቃትም መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪዋም ፔዳል ሲረግጡ ያደጉባት ናት። እዚያ ብስክሌት ላይ ዕቃ ይጫናል እንጂ ብስክሌት ራሷ ዕቃ አትሆንም። እዚህ አገር ብስክሌት ያፈራ ቦታ ሁሉ ብስክሌት ከቤት የምትወጣበት ቦታ ነው።

የብስክሌት ጉዞ አዘጋጆች ላይ ደግሞ የተለየ ቅሬታ አለኝ። ማስታወቂያው ሲወጣ «መነሻ፦ ከከተማ ውጭ፤ የመኪና ማቆሚያ አለ» ይላል። እንግዲህ መኪና የሌለው ብስክሌተኛ አልተጠራም ማለት ነው። ቀለም ቀቢውና ምግብ አድራሹ፣ ከሁላችንም የተሻለ እግር ያላቸው ሰዎች፣ በአንድ መስመር ማስታወቂያ ከጉዞው ወጡ። ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ምን እንዳስተማረን እንዴት ረሳን? መነሻው መሀል ከተማ ነው። በዚያን ቀን ማለዳ ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ከየሰፈሩ በእግሩ ሲጎርፍ፣ ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ከተማዋ ቀለም ትቀይራለች። ወደ መነሻው መሄዱ ራሱ የበዓሉ ግማሽ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ለጥቂት ሰዓት ጎዳናው ከመኪና ነፃ ይሁን። በዚያ ቀን ግን ከተዘጋው ጎዳና ጫፍ ላይ ተደርድረው የቆሙትን፣ ጣሪያቸው ላይ ማንጠልጠያ ያላቸውን መኪኖች ያየ ሰው ምን ይበል? ከመኪና ነፃ ወደሆነ ቀንም በመኪና ነው የምንሄደው።

ምን ይደረግ ለሚለኝ ሰው የምለው ብዙም የሚከብድ አይደለም።

መነሻው ከተማ ውስጥ ይሁን። መስቀል አደባባይ ቢሆን ከሁሉም ማዕዘን ይደረሳል። ወደዚያ ለመሄድ በየሰፈሩ መገናኛ ነጥብ ይኑር፤ የሲኤምሲው ቡድን፣ የጀሞው፣ የሳሪሱ፣ የሽሮ ሜዳው፣ ሁሉም በየአቅጣጫው እየተጠራቀመ ይምጣ። ብቻውን የሚፈራ፣ ብቻዋን የምትለከፍ፣ ቡድኑን ደጃፏ ላይ ትጠብቅ። አንድ ፒክአፕ ከኋላ ይከተል፤ ጎማ የተነፈሰበትን፣ እግሩ የዛለበትን፣ የደከመውን ልጅ ይጫን። መኪና ጠላት አይደለም፤ ከፊት ሲሆን ነው የከፋው። ሃያ ብስክሌት ለማድረስ አሥር መኪና ከመውጣት አንድ መኪና ለደካማ ማስከተል ምን ያህል ይቀላል!

እሩቅ ለሚሄድ፣ ለምሳሌ ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ላይ ለሚጀመር ጉዞ፣ የሕዝብ ማጓጓዣው ይጫን። ብስክሌት መጫኑ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኮፐንሀገን በከተማዋ ባቡር ላይ ብስክሌት በነፃ እንዲገባ ከፈቀደች እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ነው፤ ያም መጫን ነው። ግን ለሁሉም የተፈቀደ መጫን ነው፤ ተማሪውም ሚኒስትሩም አንድ በር ላይ ነው ብስክሌታቸውን የሚያስገቡት። አዘጋጅ ሆይ፣ ለሐዋሳው ጉዞ አንድ አውቶብስ ተከራይ፤ ፖርቶ መጋላውን በብስክሌት ሙላው። መኪና የሌለውም ያኔ ይመጣል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የኮሪደሩን መስመር እንንዳበት። መስመሩ የሚቋረጥበትን፣ መኪና የሚቆምበትን፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው የነዳበት ሰው ብቻ ነው። ከመኪና መስኮት አይታይም። ሐኪሙ ሦስት እሑድ በተከታታይ በዚያ መስመር ነድቶ አንድ ቦታ ላይ ጎማው ቢመታበት፣ ሰኞ ጠዋት ስልኩን ያነሣል። ያ ስልክ ቀለም ቀቢው በአሥር ዓመት የማያገኘውን ነገር ሊያስገኝ ይችላል። ልመናዬ ለሐኪሙ ጤና አይደለም፤ ለዚያች ስልክ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ጊዜ ስጠው፤ ሰዉ መጀመሪያ ብስክሌት ይውደድ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ከቤቱ መንዳት ይጀምራል» ይሉኛል። ቢሆን ደስ ባለኝ። እኔ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ማንጠልጠያውን የገዛ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ማንጠልጠያ ይገዛል። ብስክሌቷ ውድ በሆነች ቁጥር ጎዳና ላይ ለማውጣት ይሳሳላታል፤ በተሳሳላት ቁጥር መኪናው ላይ ትወጣለች። ጎዳናው ደግሞ የሚያርመው ሰው ሲያጣ እየከፋ ይሄዳል፤ የከፋው ጎዳና ለሚቀጥለው ሰው ሰበብ ይሆነዋል። በዚህ አያያዝ ብስክሌት የሚወደው ሰው ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ፣ ብስክሌት የሚነዳባት ከተማ ግን ላትኖረን ትችላለች።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ መነሻው የት ነው ብለው ሲጠይቋችሁ የከተማ ስም አትጥሩ። «የኔ ከቤቴ ነው፤ ያንተስ?» በሏቸው።